ክራሬን ይዤ ነው የምወጣው

በደሴ፣ በጠዋት ስፖርት ማኅበራችን ስድስተኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንኳን ለስድስተኛ ዓመታችን በሰላም አደረሰን።

ኮሚቴው የጠየቀኝ ስለ ማኅበሩ ጉዞ እንድናገር ነው። እናገራለሁ። ነገር ግን እዚህ የቆምኩበትን ምክንያት ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የመጣሁት ስለ ማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ሰባት ነው።

ጉዞውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሆጤ ሜዳ ላይ ስንጀምር አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። ወሩ ነሐሴ ነበርና ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሜዳውን ስለሸፈነው የምንገናኘው በድምፅ እየተጠራራን ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ተበተንን። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሰው መመለስ ሲጀምር፣ በመጀመሪያው ጠዋት ሆጤ የተገኘነው አራት ሰዎች ብቻ ነበርን። አልሮጥንም። ሜዳውን እየዞርን ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ ተጠያየቅን። ከዚያ ከመካከላችን የአንዷ ቤት ገብተን ቡና ጠጣን፤ አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም። ያን ጠዋት ማንም በማንም ላይ ቅጣት አልጻፈም። ይህ ማኅበር የቆመው በዚያ ቡና ላይ ነው ብል ከእኛ ውስጥ የሚያስተባብለኝ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ አንቀጹ ልምጣ። አምና የጸደቀው አንቀጽ ሰባት እንዲህ ይላል፦ ያለ በቂ ምክንያት በወር ከሦስት ጊዜ በላይ የቀረ አባል 200 ብር ይቀጣል፤ ሁለተኛ ከደገመ ከአባልነት ይሰረዛል። በቂ ምክንያት የተባሉትም ተዘርዝረዋል። ሕመም፣ ሐዘን፣ የመሥሪያ ቤት ሥራ። ከዝርዝሩ ሥር ደግሞ አንድ መስመር አለች፤ "የግል መዝናኛ በቂ ምክንያት አይሆንም" የምትል። እኔ የተጣላሁት ከዚህች መስመር ጋር ነው። ለምን እንደተጣላሁ ለማስረዳት የራሴን ታሪክ መናገር አለብኝ፤ ታገሡኝ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሐኪም ዘንድ ሄጄ የደም ግፊቴ ሲለካ 160 በ100 ሆኖ ተገኘ። ሥራዬን ታውቃላችሁ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ እውላለሁ። ማታ ደግሞ ክራሬን አቅፌ እንደገና አጎነብሳለሁ። ሐኪሙ ተንቀሳቀስ አለኝ። እኔም ስፖርት ቤት ተመዘገብኩ። አሠልጣኙ ብርቱ ሰው ነበር፣ ሥራውን ያውቃል፣ ይህን አልክድም። በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንድገኝ ነገረኝ። አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳልቀር ሄድኩ። ዘጠኝ ኪሎ ቀነስኩ፤ ግፊቴም ወረደ።

ክራሬ ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለመድረስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት መተኛት ነበረብኝ፤ ሐሙስ ማታ ከጓደኞቼ ጋር የምንጫወትባት ሰዓት ደግሞ የምትጀምረው ያኔ ነው። ክረምት ገባ። ክራር ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ የደሴ እርጥበት ቆዳውን ያላላዋል፤ በየጊዜው ከምድጃው አጠገብ አስጠግታችሁ ካላሞቃችሁት ድምፁ ይታፈናል። አንድ ምሽት ልጄ አውርዳው ክሩን በጣቷ ነካችውና "አባባ፣ ታሟል እንዴ?" አለችኝ። በእጄ ስይዘው ቆዳው እንደ ረጠበ ጨርቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ሠርግ ሆነ። ለጎረቤት ልጅ ሠርግ ክራር አልመታም ይባላል? ተጫወትኩ፣ አመሸሁ፣ በነጋታው ቀረሁ። በአራት ወር ውስጥ የቀረሁት ያን አንድ ቀን ነበር። በሦስተኛው ቀን ስሄድ አሠልጣኙ ሃያ የምንሆነውን ሰዎች አሰልፎ እኔን ወደ ፊት አወጣኝ። "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" አለ። "ወይ አዝማሪነትህን፣ ወይ ስፖርትህን ምረጥ" አለ። በወሎ ምድር ቆሞ፣ አምባሰልና ባቲ ለቅኝት ስማቸውን በሰጡበት አገር፣ አዝማሪ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ወረወረብኝ።

መረጥኩ። ፎጣዬን አንሥቼ ወጣሁ፤ ሁለት ዓመትም አልተመለስኩም። ዘጠኙ ኪሎ ተመለሰ። ግፊቱም ተመለሰ። ይህን የምነግራችሁ አሠልጣኙን ልወቅስበት ብቻ አይደለም። ጥያቄ ልጠይቅበት ነው። አራት ወር ያለ አንዲት ቀሪ የተጋ ሰው በአንድ ጠዋት ለምን ተወው? ሰነፍ ስለሆነ ነው? ሰነፍ ሰው አራት ወር በሌሊት አይነሣም! ያቆመው ስፖርቱ የሚወደውን ነገር ሁሉ ቀምቶት ባዶ ስላስቀረው ነው። ሰው ከሚወደው ጋር የሚያጣላውን ነገር ዕድሜ ልኩን ሊወደው አይችልም።

የተመለስኩት እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ወሩ መስከረም ነበር፤ አደዩ ወጥቷል፤ ልጆቼ ጦሳ ላይ ወጥተን ከተማውን እንይ፣ ክራርህንም ያዝ አሉኝ። ክራሬን በነጠላ ጠቅልዬ ጀርባዬ ላይ አሰርኩና ወጣን። ደሴ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ነች፤ ጦሳ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። ልጆቼ ከፊት ቆመው ይጠብቁኛል፤ እኔ ባሕር ዛፍ ተደግፌ ልቤን አዳምጣለሁ። በመጨረሻ ላይ ደረስን። ከታች የአይጠየፍ አዳራሽም፣ ፒያሳም፣ ሆጤም ይታያሉ። ልጄ "በል ዝፈን" አለችኝ። ክራሩን ቃኘሁ፤ አምባሰል ነበር። አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም፣ አየር ብቻ ነው የወጣው። አንዲት ስንኝ እንኳን ሳልጨርስ ትንፋሼ አለቀ። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ ሦስተኛ ሞከርኩ። ልጆቼ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሐኪሙ በቁጥር ያላስነሣኝን፣ አሠልጣኙ በስድብ ያላስነሣኝን፣ ያቺ ያላለቀች ስንኝ አስነሣችኝ። በማግሥቱ ጠዋት ብቻዬን ዳገት መውጣት ጀመርኩ። ለኪሎ ብዬ አልነበረም። ጦሳ ላይ ቆሜ አንድ አምባሰል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመዝፈን ነበር። መለኪያዬም ይኸው ሆነ። ጥቅምት ላይ ሁለት ስንኝ፣ ኅዳር ላይ አራት፣ ለጥምቀት ማግሥት ዘፈኑን ጨረስኩት። ልጄ አጨበጨበች። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሆነኝ፤ ክራሬን ይዤ ነው የምወጣው።

ያን ተረት ደጋግሜ አስቤበታለሁ። እውነት ነው፣ በሁለት እግር ሁለት ዛፍ አይወጣም። በሁለት እግር ግን ይኬዳል። ስንሄድ ደግሞ አንዱ እግር ሲነሣ ሌላው መሬት ይዞ ይጠብቃል። ስፖርቱ የሚሰለቸኝ ሳምንት አለ፤ እዋሻችሁ ይሆን? ሰውነቴ ከአልጋው አልነሣ ይላል። ያን ሳምንት ክራሩ ይይዘኛል፤ እሑድ ላይ እንዴት ልዘፍን ነው ብዬ እነሣለሁ። ሥራ በዝቶ ጣቴ ክራር መንካት የሚያስጠላው ሳምንትም አለ፤ ያኔ ደግሞ የጠዋቱ ዳገት ጭንቅላቴን ያጠራልኛል፤ ማታ ሳላስበው ክራሩን አነሣለሁ።

አሁን ወደ እኛው ቤት ልመለስ። ከመካከላችን አንዲት ጥልፍ ሠሪ እህት ነበረችን። አብዛኞቻችን ለበዓል የምንለብሰው ላይ የእጇ ሥራ አለ። በሳምንት ከአምስቱ ቀን ሦስቱን ትመጣ ነበር። ሁለቱን ጠዋት የምትቀረው ብርሃኑ ለዓይኗ ጥሩ በሆነበት ሰዓት ለራሷ፣ ለገበያ ያልሆነ፣ የልቧን ጥልፍ ስለምትሠራ ነው። በአንቀጽ ሰባት መሠረት ይህ የግል መዝናኛ ነው። ስሟ በሰው ፊት ተነበበ። 200 ብሯን ከፍላ ወጣች። ባለፈው ወር ቧንቧ ውሃ አካባቢ አገኘኋትና "እንዴት ነሽ፣ ትንቀሳቀሻለሽ?" ብዬ ጠየቅኋት። ቦርሳዋን ከፍታ የቅጣቱን ደረሰኝ አሳየችኝ። በአራት አጥፋ እስካሁን ይዛዋለች። እኔ አፈርኩ። በአሠልጣኙ የተቆጣሁት ሰውዬ፣ ያው ነገር በእኔ ማኅበር፣ እኔም እጄን ባወጣሁበት አንቀጽ ሲደረግ አየሁ!

እስቲ በቁጥርም እንነጋገር፤ ኮሚቴያችን ቁጥር ይወዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው የጠየቀው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በዚያ ላይ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። 150 ደቂቃ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከ168 ሰዓት ሁለት ሰዓት ተኩል ለመስጠት ጥልፏን መተው አለባት? መጽሐፍ የሚያነበው መጽሐፉን፣ መንዙማ የሚያዜመው መንዙማውን፣ ንብ የሚያረባው ቀፎውን መተው አለበት? ማን ነው ይህን የፈረደብን? ያው መመሪያ ደግሞ እንቅስቃሴው በአንድ ጊዜ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ መቀጠል አለበት የሚለውን የቀድሞ ሐሳብ ትቶታል፤ ጥቂቷም ትቆጠራለች ይላል። ከሰኞ ገበያ ዘንቢል ይዛ ዳገቱን የምትወጣው እናት፣ ከእኛ ሜዳ ብትቀርም፣ ከስፖርት አልቀረችም።

ስለ ጽናት ስናወራ ሁላችንም አበበ ቢቂላን እንጠራለን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አሸነፈ፤ ይህን ልጆቻችንም ያውቁታል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ተያዙ። በ1970 እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ተወዳደረ። በ1971 ኖርዌይ ላይ፣ በረዶ ላይ፣ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። ሩጫ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ እግሩ ሲቀር ሁሉ ነገር በቀረበት ነበር።

ሌሎቹን ነጥቦች በአጭሩ ልበል። ጾምን በሚመለከት፣ በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ብዙ ሰው ይቀርና ከበዓል በኋላ ቅጣቱን ፈርቶ አይመለስም። ከኢፍጣር በፊት ቀለል ያለ የግማሽ ሰዓት እርምጃ ያደረጉ አባሎቻችን ሳይቋረጡ ቀጥለዋል፤ ያን በፕሮግራም እንያዘው። ክረምትን በሚመለከት፣ ጭቃው ሲብስ ኮምቦልቻ ወርደን ከወንድሞቻችን ጋር ብንሠራ ጥሩ ነው፤ እዚያ ከእኛ በስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ትንፋሹም ይቀላል፣ ወዳጅነቱም ይጠናል። የሴቶችን ሰዓት ጉዳይ እህቶቻችን ራሳቸው ቢያቀርቡት ይሻላል።

ለከሰዓቱ ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንቀጽ ሰባት ይሰረዝ። በምትኩ እንዲህ ይጻፍ፦ አንድ አባል በወር ከሦስት ጊዜ በላይ ከቀረ ሁለት አባላት ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቁታል። ታሞ ከሆነ ያስታምሙታል። ጥልፍ ይዞት ከሆነ ጥልፉን አይተው፣ ቡናውን ጠጥተው፣ የትኞቹ ቀናት እንደሚመቹት ጽፈው ይመለሳሉ። ገንዘብ ያዡ ቅጣት ካልተሰበሰበ ወጪያችንን በምን እንሸፍናለን ብለው ጠይቀውኛል። መዝገቡን አይቻለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ የተሰበሰበው ቅጣት 3,400 ብር ነው፤ የወጡብን አባላት ግን ዘጠኝ ናቸው። የዘጠኙ የወር መዋጮ ብቻ ከዚያ ይበልጥ ነበር።

ጥልፍ ሠሪዋን እህታችንን ትናንት ሄጄ አነጋግሬያታለሁ። አንቀጹ ከተሰረዘ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ሆጤ በር ላይ ትገኛለች፤ ማክሰኞና ሐሙስ አትመጣም። ስብሰባው 8 ሰዓት ላይ ነው፤ እባካችሁ ከምሳ በኋላ አትበተኑ። አመሰግናለሁ።