ጫማው ሳያልቅ ቡና አይፈላም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ውድ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከዳንግላ የመጣችሁ ደግሞ እጥፍ እንኳን ደህና መጣችሁ። መንገዱ ሲፈቅድላችሁ ተነስታችሁ፣ ሳይፈቅድላችሁ አድራችሁ ነው ባሕር ዳር የገባችሁት። ጊዜውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዘንድሮ ተሟልተን ጉባኤ መቀመጣችን ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ተመስገን።

ንግግሬ አጭር ነው። አምናም እንዲሁ ብሎ ዓሣው ቀዘቀዘ የሚሉ አሉ። ስም ማጥፋት ነው።

ሰው "የምን ማኅበር ነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ "የዋና" እላለሁ። ያኔ ፊቱ ላይ የምታነቡትን እናንተም ታውቁታላችሁ። ዋና ለብዙ ሰው የሆቴል ገንዳ ነው፣ አለዚያም የልጅ ጨዋታ። ትልቅ ሰው፣ በጠዋት፣ ጣና ውስጥ? ምን አጥቶ? ዕድር ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ደግሞም ከዕድር ብዙ አንርቅም። አባል ሲታመም እንጠይቃለን። አባላችን ስትወልድ ሄደን ገንፎ እንበላለን። ለቅሶ ቤት ድንኳን ስንተክል ያደርን ብዙዎች ነን። ዕድርተኛ ግን ፀጉሩ እየተንጠባጠበ መዋጮ አይከፍልም፤ እኛ እንከፍላለን። ገንዘብ ያዣችን ደረቅ ብር አግኝታ አታውቅም።

አዲስ አባላት ስላላችሁ ስለ ጫማው ላስረዳ። እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡትን እማማን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ሐይቁ ዳር ጀበና ቡና የሚያፈሉት ናቸው። ዋና አይችሉም፤ ውሃውም ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ነክቷቸው አያውቅም። ለእኔ ግን የዚህ ማኅበር ዋስትና እሳቸው ናቸው። ውሃ የሚገባ ሁሉ ጫማውን አውልቆ ለእሳቸው ያስረክባል። ሸበጡም፣ ኮንጎውም፣ የዘነጠው ስኒከርም በአንድ መስመር ይደረደራል፤ አፍንጫው ወደ ውሃው። ስልክና ቁልፍ ማዳበሪያ ከረጢታቸው ውስጥ ይገባል። ሲወጣ ሁሉም የራሱን ጫማ ራሱ ያነሳል። የጓደኛን ጫማ ማንሳት ክልክል ነው። መስመሩ ላይ አንድ ጥንድ ካለ፣ አንድ ሰው ገና ውሃ ውስጥ አለ ማለት ነው። ጫማው ሳያልቅ ደግሞ ቡናው አይፈላም።

በጥር ወር አንድ ጠዋት ሰማያዊ ሸበጥ ቀረ። እማማ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አወረዱትና "የማነው?" አሉ። ዝም። ዞር ዞር ብለን ተያየን። ሁለት ልጆች ተመልሰው ውሃ ገቡ። ከደንገሉ ወዲያ መረብ ሲያነሱ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን አዙረው መጡ። አንዱ አባላችን የሞተር ጀልባ ሊለምን ሮጠ። ጸሐፊያችን ከመካከላችን የጎደለውን ልጅ ለይታ ስልኩን ደወለች። ስልኩ እማማ እግር ሥር፣ ከረጢቱ ውስጥ ጠራ። በዚያች ሰዓት እዚያ የነበረ ሰው ያንን የጥሪ ዘፈን ዳግም መስማት አይፈልግም።

ባለ ሸበጡ ቤቱ ነበር። ፍርፍር እየበላ! ባቱን ጨምድዶት በሌላ በኩል ወጥቶ፣ በባዶ እግሩ ባጃጅ ይዞ፣ "ዕቃዬን በኋላ እወስዳለሁ" ብሎ ነው የሄደው። ስሙን አልጠራም። ሁላችሁም ወደ እሱ ባትዞሩ ደግሞ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ ጠብቋል። የትም ውጣ፣ በእግርህ ዞረህ መጥተህ ጫማህን ታነሳለህ። ፈጣኖቹ ልጆቻችን "እንደ መዋዕለ ሕፃናት እየተቆጠርን" ብለው ያጉረመርማሉ። ሰምቻለሁ። መልሴ አንድ ነው፤ ትቆጠራላችሁ። ከኋላ የቀረውም ይጠበቃል። ከእናንተ ውስጥ በአንድ ትንፋሽ ታንኳ የሚቀድም እንዳለ አውቃለሁ። ይቅደም፤ ግን ቆሞ ይጠብቅ።

ይህን የምለው ጣናን ስለምፈራው አይደለም፤ ስለማውቀው ነው። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር አካባቢ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ወዲያው ይነሳል። ማዕበሉም አጭርና ተከታታይ ነው። አየር ልትስብ አፍህን ስትከፍት ውሃ ያጎርስሃል። ለዚህ ነው ፕሮግራማችን በጠዋት የሆነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንደሚነሳ ጀልባ ነጂዎቹ ሁሉ ያውቃሉ። በሁዳዴ ጿሚዎች ከቅዳሴ መልስ እንግባ ብላችሁ ጠይቃችሁ ነበር። ሐሳቡን እናከብራለን፤ ነፋሱ ግን የጾም ሰዓት አይጠብቅም። ባዶ ሆድ የዋለ ሰው በዚያ ማዕበል ከዳር እንዳይርቅ።

ዋናተኛ ከውሃው በላይ የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ ነው። የሞተር ጀልባ ነጂ ደግሞ ከሩቅ ጥቁር ፀጉርን ከእንጨት አይለይም። በውጭ አገር የዋና ማኅበራት ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ደማቅ ተንሳፋፊ ከረጢት ወገባቸው ላይ አስረው ይጎትታሉ። እኛ የአምስት ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን አለን። ክዳኑን ጥብቅ፣ በአንድ ክንድ ገመድ ወገብ ላይ እስር፣ አለቀ። ሲደክም ታቅፎ ማረፊያም ነው። ሳቅ የሚያመጣባቸው አሉ። ይሳቁ። ከደንገሉ ጀርባ ቢጫው ይታያል።

ጋሼ ባሕረኛ እያልን የምንጠራቸው አባታችን ዘንድሮም ከእኛ ጋር ናቸው። ምፅዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገሉ ሰው ናቸው። ብዙዎቻችንን መንሳፈፍ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚነግሩት ይህን ነው፤ ቀይ ባሕር በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 40 ግራም ያህል ጨው አለው፣ ያነሳሃል። ጣና ጨው የሌለው ውሃ ነው፣ እንደዚያ አያነሳህም። ስለዚህ አትታገለው፤ እግርህ እንዳይሰምጥ ጭንቅላትህን አውርድ፣ ትንፋሽህን ውሃ ውስጥ ቀስ እያልክ አውጣ። ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነህ፤ ከቆላ የመጣህ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ቶሎ ያለከልክሃል። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። አታንቦጫርቁ የሚለው ጩኸትዎ አይለየን።

ሁለት ነገር ቶሎ ብዬ ልለፍ። አንደኛው ጉማሬ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል አንዋኝም። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ውሃው የሚመለሰው ንጋት ላይ ነው፤ እኛም ንጋት ላይ ነን። ዓሣ አጥማጆቹ ዛሬ አትግቡ ካሉ አንገባም፤ ክርክር የለም። ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው። ነርሷ አባላችን ደጋግማ ነግራናለች። ትሉን የሚያራቡት ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት ዳር ዳሩን፣ ሣርና ደንገል ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ ስትከር ነው። ስለዚህ መግቢያችን ንጹሕ ድንጋያማ ቦታ ይሁን፤ ዳር ላይ ቆሞ ወሬ ማውራት ይቅር። በየጊዜው ሰገራ ተመርመሩ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ የሚሰጠውም በክብደት ተለክቶ ነው። ጎረቤት የሰጣችሁን ፍሬ አትዋጡ።

ስለ ዘጌ ጥያቄ አለ። ልጆቹ ከባሕር ዳር ዘጌ ድረስ ዋኝተን እንሂድ ብለው ፈርመው አምጥተዋል። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ መንገድ ነው። ጉጉታቸው ደስ ይለኛል። 10 ኪሎ ሜትር የክፍት ውሃ ዋና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2008ቱ የቤጂንግ ኦሎምፒክ ጀምሮ የኦሎምፒክ ውድድር ነው፤ ከእኛ ሐይቅ ለዚያ የሚበቃ ልጅ ቢወጣ እልል የምለው እኔ ነኝ። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ዋናተኛ አጃቢ ጀልባ ያስፈልጋል። ነዳጁን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ዘንድሮ አይሆንም ባይ ነኝ። ጉባኤው ሌላ ካለ ይወስን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ካዝናችን ውስጥ ትንሽ ገንዘብ አለ። አንድ ወገን ስማችን የተጻፈበት ቲሸርት እናሠራ ይላል። ቲሸርት አልጠላም። ነገር ግን ጎጃም በክረምት ምን እንደሚመስል አስቡት። ጨሞጋ ይሞላል፣ ተምጫ ይሞላል፣ ቢር ይሞላል፣ ግልገል ዓባይ ይሞላል። ከብት የሚጠብቁ ልጆች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ይሻገራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 በዓለም ዙሪያ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው በውሃ ሰጥሞ ሞቷል፤ ሩብ ያህሉ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። እዚህ ያለው ነገር ግን ከዚያ ይብሳል፤ ሐይቅ ዳር ተወልዶ፣ ሐይቅ ዳር አድጎ፣ መንሳፈፍ የማይችለው ልጅ ብዙ ነው።

ስለዚህ የሥራ አስፈጻሚው ሐሳብ ይህ ነው። ገንዘቡ ለገመድ፣ ለጀሪካንና ለመኪና ጎማ ከመነዳሪ ይዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን እናስተምር። መጀመሪያ የምናስተምረው ፍጥነት አይደለም፤ በጀርባ መንሳፈፍና ጓደኛን ማዳን ነው። ጓደኛህ ሲሰጥም ዘለህ አትግባ። የሚሰጥም ሰው አንገትህን ይዞ አብሮ ያወርድሃል። ገመድ ወርውር፣ ጀሪካን ወርውር፣ እንጨት ዘርጋ፣ ጩህ። ብዙ ጊዜ ሰጣሚው ራሱ አይጮህም፤ አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ዝም ያለውን ልጅ እዩት። ትምህርቱን ከክረምቱ በፊት ጀምረን፣ ሐምሌ 18 የተባበሩት መንግሥታት የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ብሎ በሰየመው ዕለት ለልጆቹ ወላጆች በየብስ ላይ የገመድ አወራወር ብናሳይ ጥሩ ነው። ያኔ ውሃው ደፍርሶ ግንድ ስለሚያመጣ ማንም አይገባም።

ሴት አሠልጣኞች ያስፈልጉናል። እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ለወንድ አሠልጣኝ አይሰጡም፤ አልፈርድባቸውም። እህቶቻችን በሱሪና በሙሉ እጅጌ ሲዋኙ ዳር ቆሞ የሚያፈጠውን ሁሉ ችላችሁ እዚህ ደርሳችኋል። ከእናንተ ሦስት አራት ሰው ቅዳሜን ብትሰጡን ሥራው ግማሹ አለቀ።

ጉባኤው መከፈቱን እገልጻለሁ። በቅድሚያ ገንዘብ ያዣችን የሒሳብ ሪፖርቱን ታቀርባለች፤ ቀጥሎ በቲሸርቱና በገመዱ ላይ እጅ እናወጣለን። ቆሮሶ ዓሣው እየተጠበሰ ነው፣ ጾም ለያዛችሁ ሽሮ አለ። ከምሳ በፊት ውሃ ልንካ የምትሉ ደግሞ፣ እማማ ዛሬ እንግዳ ናቸውና ጫማችሁን ለጸሐፊያችን አስረክቡ።