መኪናው የት ነው የሚያድረው?

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና እና ስለ ከባድ ብርድ ላወራችሁ ነው የቆምኩት። ቁጥር ይበዛል፣ ግን አትጨነቁ፣ መጨረሻ ላይ ፈተና የለም።

ይሄ ነገር ሲነሳ ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ "ብርድ ሲመጣ ዋጋ የለውም፣ መንገድ ላይ ነው የሚያስቀርህ" ይላል። ሌላው ደግሞ "ተው እባክህ፣ ወሬ ነው፣ ምንም ለውጥ የለውም" ይላል። ሁለቱም ያጋንናሉ። መኪናው የሚሄደው ርቀት ይቀንሳል፣ አንዳንዴም በጣም ይቀንሳል። ጉልበቱ የት የት እንደሚሄድ ካወቃችሁ ግን ብዙውን ማዳን ትችላላችሁ። እኔ እንደውም ከባትሪው ትልቅነት ይልቅ መኪናው ሌሊት የሚቆምበት ቦታ ነው የሚወስነው ባይ ነኝ። ለምን እንደዚያ እንደምል ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ሻጩ የሚነግራችሁን ቁጥር እንየው። አውሮፓ ውስጥ ለአዲስ መኪና የሚጻፈው ርቀት የሚወጣው ደብሊው ኤል ቲ ፒ በሚባል መለኪያ ነው። ፍተሻው የሚካሄደው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በ23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ጠፍቶ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 450 ኪሎሜትር የሚል ካያችሁ ቁጥሩ ውሸት አይደለም፣ ግን ሰው በሸሚዝ ብቻ ለሚወጣበት ቀን የተለካ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 15 ሆኖ ያንኑ 450 የሚጠብቅ ሰው መናደዱ አይቀርም።

ታዲያ ስንት ይቀንሳል? ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2019 አምስት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ፈትሾ ውጤቱን አውጥቶ ነበር። ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ማሞቂያው ጠፍቶ፣ መኪኖቹ በአማካይ 12 በመቶ ርቀት አጡ። ማሞቂያው ሲበራ ግን የጠፋው 41 በመቶ ሆነ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አስቧቸው። ብርዱ ራሱ የወሰደው ትንሽ ነው፤ ብዙውን የበላው እኛ እንዳይበርደን የምናበራው ነገር ነው።

የኖርዌይ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደግሞ በብርድ ወራት መኪኖቹን እውነተኛ መንገድ ላይ አውጥቶ ባትሪያቸው እስኪያልቅ ያስነዳል። በ2020 ሃያ መኪኖች ላይ ባደረገው ፍተሻ የጠፋው ርቀት በአማካይ 18.5 በመቶ ነበር። "እንዴ፣ ከ41 ወደ 18? ማንን እንመን?" ትሉ ይሆናል። ሁለቱንም። የብርዱ መጠንም የፍተሻው ዓይነትም ይለያያል፣ ትልቁ ነገር ግን አንድ ጊዜ የሞቀ መኪና ሳይቆም ረጅም መንገድ ሲሄድ ጉዳቱ መቀነሱ ነው። ይሄን በደንብ ላብራራው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ጉልበት አብዛኛውን በሙቀት መልክ ያባክናል። ያ የሚባክን ሙቀት ነው ወደ ውስጥ ተልኮ እግራችንን የሚያሞቀው። ነጻ ነው፣ ያው የሚጣል ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ብዙም አያባክንም፣ ስለዚህ ሙቀቱ ከባትሪው ተቆንጥሮ መምጣት አለበት። እና ማሞቂያ የሚቆጥረው ሰዓት ነው፣ ኪሎሜትር አያውቅም።

በሒሳብ እንየው። ማሞቂያችሁ 3 ኪሎዋት ይወስዳል እንበል፤ በአንድ ሰዓት ከባትሪው 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ማለት ነው። መኪናው ራሱ ለመሄድ በ100 ኪሎሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 100 ከነዳችሁ፣ 100 ኪሎሜትሩ አንድ ሰዓት ነው የሚፈጀው፤ ማሞቂያው 3 ይጨምራል፣ በድምሩ 21። ይቻላል። አሁን ከተማ ውስጥ ትራፊክ ተጨናንቆ በሰዓት 25 እየተሳባችሁ ነው። ያው 100 ኪሎሜትር አራት ሰዓት ይወስዳል። ማሞቂያው ብቻ 12 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው። ለዚህ ነው በቀዝቃዛ ጠዋት ትራፊክ ውስጥ የቆመ ሰው የባትሪው ቁጥር ሲወርድ እያየ የሚደነግጠው።

ከዚህ የሚብሰው አጭር መንገድ ነው። ሌሊቱን ውጭ ያደረ መኪና ስታስነሱ ማሞቂያው መጀመሪያ ላይ 5 ወይም 6 ኪሎዋት ሊስብ ይችላል፤ መቀመጫውም፣ መስታወቱም፣ ፕላስቲኩም በረዶ ነዋ። አሥር ደቂቃ ነድታችሁ፣ ገና ሞቀ ስትሉ ደረሳችሁ። ቆማችሁ፣ ሙቀቱ ወጣ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ስክሪኑ ላይ በ100 ኪሎሜትር 35፣ 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚል ቁጥር ብታዩ መኪናው ተበላሸ ብላችሁ ጋራዥ አትሩጡ። በቀን አሥር ኪሎሜትር ለሚነዳ ሰው ያ ቁጥር ያስደነግጣል እንጂ ብዙም አይጎዳም፣ ማታ ሲሰካው ይሞላለታልና። ሌላው ደግሞ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው "የቀረ ርቀት" ብዙ ጊዜ በቅርቡ የነዳችሁትን አይቶ የሚገምት ነው። አጭር አጭር ስትነዱ ከርማችሁ ረጅም መንገድ ስትወጡ ሊያስፈራራችሁ ይችላል፤ ጥቂት ከሄዳችሁ በኋላ ይረጋጋል።

ሂት ፓምፕ ያለው መኪና እዚህ ላይ ይጠቅማል። ተራው ማሞቂያ ከአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ አንድ ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል። ሂት ፓምፕ ከውጭው አየር ሙቀት እየሰበሰበ ሁለት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያወጣል። ብርዱ እየከፋ ሲሄድ ግን የሚሰበሰብ ሙቀት ስለሚቀንስ ጥቅሙም ይቀንሳል፣ ስለዚህ "ሂት ፓምፕ አለው" ብሎ ሻጭ ሲያሽሞነሙነው በልክ ስሙት። የመቀመጫ ማሞቂያ ግን ማንም አያሞካሸው እንጂ ጀግና ነው። መቶ ዋት አካባቢ ቢወስድ ነው። መቀመጫውንና መሪውን አሙቁ፣ የአየሩን ሙቀት ሁለት ዲግሪ አውርዱ፣ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

እሺ፣ ወደ ባትሪው እንምጣ። ሊቲየም ባትሪ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያመላልሱት አዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ የሚዋኙት በፈሳሽ ውስጥ ነው። ያ ፈሳሽ ብርድ ሲመታው እንደ ቀዘቀዘ የሞተር ዘይት ይወፍራል፣ እንቅስቃሴው ይዘገያል። በዚህ የተነሳ ባትሪው ለመስጠትም ለመቀበልም ይለግማል። ባልሞቀ ባትሪ ላይ የተወሰነውን ጉልበት ለጊዜው ልትጠቀሙበት አትችሉም፤ አንዳንድ መኪኖች ይሄንን በሰማያዊ ቀለም ወይም በበረዶ ምልክት ያሳያሉ። አልጠፋም፣ ባትሪው ሲሞቅ ይመለሳል።

መቀበሉ ነው ዋናው ችግር። የቀዘቀዘ ባትሪ ላይ በኃይል ቻርጅ ካደረጋችሁ ሊቲየሙ ባትሪው ውስጥ ወደሚቀመጥበት ካርቦን፣ ወደ ግራፋይቱ፣ መግባት ያቅተውና ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል። ይሄ ቋሚ ጉዳት ነው። መኪናው ይሄንን ስለሚያውቅ ራሱን ይከላከላል፤ የሚገባውን ኤሌክትሪክ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ መኪና እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ ራሱን እየያዘ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ለዚሁ መከላከል ሲል ግን ጠዋት እንደ ለመዳችሁት አይዝም፤ ወደ ባትሪ የሚመልሰውን ስለቀነሰ ነው። መንገዱ በረዶ ነው፣ ይሄን አትርሱ፣ ፍሬን ላይ እግራችሁ ዝግጁ ይሁን።

ፈጣን ቻርጀር ጋ የሚሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። ሌሊቱን ውጭ ያደረ መኪና ይዛችሁ በጠዋት ትደርሳላችሁ። ቻርጀሩ ላይ 150 ኪሎዋት ተጽፏል። ኬብሉ በብርድ ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል፣ እየታገላችሁ ትሰካላችሁ። ስክሪኑ 22 ኪሎዋት ይላል። ትጠብቃላችሁ፣ 24። አጠገባችሁ ከረጅም መንገድ የመጣው ሰውዬ፣ ያው ቻርጀር ላይ፣ 130 እየሳበ ነው። ቻርጀሩን መሳደብ ትጀምራላችሁ። ቻርጀሩ ምንም አላደረገም፤ የሱ ባትሪ ሞቋል፣ የእናንተ አልሞቀም። የአሜሪካው አይዳሆ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በኒው ዮርክ ታክሲዎች መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2018 ባወጣው ጥናት፣ በ25 ዲግሪ ሰላሳ ደቂቃ ቻርጅ ከተደረገ መኪና ጋር ሲነጻጸር፣ በዜሮ ዲግሪ ለያው ሰላሳ ደቂቃ የተሰካው 36 በመቶ ያነሰ ነው የሞላው። ያ ዜሮ ላይ ነው እንግዲህ፣ ከዜሮ በታች 20 ላይ አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። መኪናችሁ ባትሪውን ቀድሞ የሚያሞቅ ከሆነ፣ የምትሄዱበትን ቻርጀር የመኪናው ካርታ ላይ አስገቡት፤ አብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች ያኔ ወዲያው ባትሪውን ማሞቅ ይጀምራሉ። ስልካችሁ ላይ ባለው ካርታ ከሄዳችሁ ግን መኪናው ወዴት እንደምትሄዱ የት አውቆ! ያ ከሌለው ደግሞ ቻርጅ የምታደርጉት ጉዞ ስትጨርሱ ይሁን፣ ባትሪው ገና ትኩስ እያለ። ማታ 15 በመቶ ይዞ ቤት ገብቶ "ጠዋት እሞላዋለሁ" ማለት በብርድ ወራት መጥፎ ልማድ ነው።

በጥር 2024 ቺካጎ ላይ የሆነውን ሰምታችሁ ይሆናል። ከባድ ብርድ ወረደ፣ ቻርጅ ማድረጊያዎቹ ጋ ወረፋው ተንዘላዘለ፣ አንዳንድ ቻርጀሮች አልሠሩም፣ ባትሪያቸው ያለቀ መኪኖች እዚያው ቆመው ቀሩ። ያንን ቪዲዮ አይቶ "በቃ፣ ይሄ ነገር ለብርድ አገር አይሆንም" ያለ ብዙ ነው። በሌላ በኩል ኖርዌይን ተመልከቱ። በ2024 እዚያ ከተሸጡት አዳዲስ የግል መኪኖች 88.9 በመቶው ኤሌክትሪክ ነበሩ። ብርዱ ያው ብርድ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ግን አብዛኛው ባለመኪና ቤቱ ይሰካል፤ ጠዋት ሲወጣ ባትሪው ሞልቷል፣ ውስጡ ሞቋል። በብርድ ቀን ወረፋ የሚይዘው ሌላ ምርጫ የሌለው ነው።

መኪናው የት ነው የሚያድረው ያልኩት ለዚህ ነው። ሌሊት የሚሰካበት ቦታ ካለ፣ ቻርጅ ማድረጉ ልትወጡ ስትሉ እንዲጠናቀቅ ሰዓቱን አስተካክሉት፣ ምክንያቱም ቻርጅ ሲደረግ ባትሪው ራሱ ይሞቃል። ከመውጣታችሁ ሃያ ደቂቃ በፊት ደግሞ ውስጡን በስልካችሁ አሙቁት፣ ሳትነቅሉ። ያ ሙቀት የሚመጣው ከግድግዳው ነው፣ ከባትሪያችሁ አይቆነጠርም። አንድ ነገር ልጨምር፤ ተራ የግድግዳ ሶኬት 2 ኪሎዋት አካባቢ ነው የሚሰጠው። ከዜሮ በታች 25 ላይ ከዚያ ላይ ጥሩ ድርሻውን ባትሪውን ማሞቂያ ሊወስደው ይችላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶም ትንሽ ሊሞላ ይችላል። ብርዱ እንደዚያ የሚከፋበት ቦታ ካላችሁ የግድግዳ ቻርጀር ማስገባት ቅንጦት አይደለም።

ሌሊት የምትሰኩበት ቦታ ከሌላችሁስ? ግልጹን ልንገራችሁ። መንገድ ዳር የምታቆሙ ከሆነ፣ ሥራ ቦታም ሶኬት ከሌለ፣ ብርዱ ለወራት ከዜሮ በታች 15 እና 20 የሚሆን ከሆነ፣ ለጊዜው ባትገዙ ይሻላል። በበጋ ደስ ይላችኋል፣ በብርዱ ወራት ግን በየሳምንቱ ቻርጀር ስር ስትንቀጠቀጡ ትቀመጣላችሁ። ቀኑን ሙሉ ታክሲ ለምትሠሩ ደግሞ ነገሩ ለየት ይላል፤ መኪናው እንደሞቀ ስለሚውል ለእናንተ ቻርጁ ቶሎ ይገባል። የሚያሳስባችሁ የጠዋቷ የመጀመሪያ ሰዓት ናት።

ባትሪው ኤል ኤፍ ፒ (ከሊቲየም፣ ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራ) የሚባለው ዓይነት ከሆነም ጠይቁ። ርካሽና ዕድሜው ረጅም ነው፣ ብርድ ላይ ግን ከሌላው ይበልጥ ይለግማል፤ የቀረውን መጠን መገመትም ይከብደዋል፣ ለዚህ ነው አምራቾቹ በየጊዜው እስከ መቶ በመቶ ሙሉት የሚሉት። ጎማችሁንም ንፉ፣ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። ፍጥነት ቀንሱ፤ ከዜሮ በታች 20 ላይ አየሩ በ20 ዲግሪ ከሚሆነው 15 በመቶ ያህል ይከብዳል፣ መኪናው እሱን እየገፋ ነው የሚሄደው።

ለነገሩ የቤንዚን መኪናም ከብርድ አያመልጥም። የአሜሪካ መንግሥት መረጃ እንደሚለው፣ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ ከተማ ውስጥ በአንድ ሊትር የሚሄደው ርቀት በ25 ዲግሪ ከሚሄደው በ15 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ አጭር መንገድ ላይ እስከ 24 በመቶ ይደርሳል። ነዳጅ መቅዳት ደቂቃዎች ስለሚወስድ ማንም ልብ አይለውም።

የመጨረሻው፣ ሁሌም የሚጠየቀው፦ "በረዶ መንገድ ዘግቶ ሌሊቱን ብቀርስ?" በጥር 2022 አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አይ-95 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ሾፌሮች በበረዶ ምክንያት ከ24 ሰዓት በላይ መንቀሳቀስ አቅቷቸው ቆመው ነበር፣ ስለዚህ ጥያቄው የቅዠት አይደለም። 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ግማሹ ቀርቶ ቆማችኋል እንበል። 30 አላችሁ። ቆሞ ውስጡን ሙቅ አድርጎ ለመቆየት፣ እንደ ብርዱ፣ ከ1 እስከ 2 ኪሎዋት ቢበላ፣ ከ15 እስከ 30 ሰዓት ያቆያችኋል። መቀመጫውን ብቻ አሙቃችሁ ብርድ ልብስ ከደረባችሁ ደግሞ ይረዝማል። በ10 በመቶ ከቆማችሁ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፣ ስለዚህ የበረዶ ማስጠንቀቂያ በወጣበት ቀን ከ50 በመቶ በታች ይዛችሁ አትውጡ። ጭስ ስለሌለው ማሞቂያውን አብርታችሁ መተኛት ትችላላችሁ። አጠገባችሁ የቆመው የቤንዚን መኪና ከሆነ ግን ውረዱና ጭስ ማውጫው በበረዶ እንዳይደፈን ጥረጉለት፣ ሰዎቹንም ቀስቅሷቸው።

በሉ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። መኪናው ስንት ዓመተ ምህረት እንደሆነና የት እንደሚያድር ከነገራችሁኝ መልሴ ያጥራል።