ዓይናችሁን ጨፍኑና ዝናብ መጥረጊያውን ፈልጉት

እንደምን አላችሁ ወገኖች፣ አካም ጅርቱ! መጀመሪያ ይቅርታ፣ ወረቀት ይዤ ነው የመጣሁት። ስለ መኪና ያለ ወረቀት ካወራሁ እስከ ማታም አልጨርስም፣ ባለቤቴ እዛ ጋ ሆና ራሷን እየነቀነቀች ነው። ስገባ ደጅ የቆሙትን እያየሁ ነበር፣ ቮልስ አለ፣ ላዳ አለ፣ ዲኤክስና ቪትዝማ ሞልቷል፣ ጥግ ላይ ደግሞ እነዛ ድምፅ የሌላቸው አዲሶቹ ኤሌክትሪኮች። ዛሬ የሁለቱንም ወገን ባለቤቶች ማስቀየሜ አይቀርም።

እኔ መንዳት የለመድኩት በአባቴ ቮልስ ነው። ከመሪው ጀርባ ያለው ክሩስኮቶዋ ላይ አንድ ክብ የፍጥነት ጌጅ አለ፣ በቃ። የነዳጅ ጌጅ እንኳን የላትም፣ እስከ 1961 (እ.ኤ.አ.) የተሰሩት እንደዛ ነበሩ፣ ነዳጅ ሲያልቅ ሞተሩ ማሳል ይጀምራል፣ ያኔ እግር ስር ያለችውን ማዞሪያ በጫማህ ጫፍ ገፋ ስታደርጋት የመጠባበቂያው ይለቀቅልሃል፣ እሱም እስኪያልቅ ማደያ መድረስ ነው። ሰውነትህ ነው ጌጁ። መሪዋ ስታቆማት ትከሻ ይገነጥላል፣ ስትሄድ ግን ወደ ሰርቦ መውጫ ላይ ጠጠሩን፣ እርጥቡን፣ የጎማህን መጉደል ሳይቀር መዳፍህ ላይ ይነግርሃል። አሁን የኤሌክትሪክ ሞተር ነው መሪውን የሚያግዘው፣ በአንድ ጣት ይዞራል፣ እሺ ጥሩ፣ ግን አብዛኞቹ ላይ ከመንገዱ የሚመጣውን ወሬም አብሮ አጥፍቶታል። ጓንት አድርጎ እንጀራ መጉረስ በሉት፣ ትጠግባለህ ግን ምን እንደበላህ አታውቅም።

ክብደቱን ተዉት እንዳልል ደግሞ... ቮልስ ወደ 800 ኪሎ ናት፣ የዛው ፋብሪካ ልጅ የሆነው አሁን መንገዱን የሞላው ኤሌክትሪኩ አይዲ 6 ከ2 ቶን በላይ ነው። ባትሪው ወለል ስር ስለሆነ ኩርባ ላይ አይንጋደድም፣ ይሄን መካድ ነውር ነው፣ ግን 2 ቶን ሁሌም 2 ቶን ነው፣ ፍሬን ስትይዝ ታውቀዋለህ።

አሁን የሆንኩትን ላውራ። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ አዲሷን ኤሌክትሪክ መኪናውን ሰጠኝ፣ የምን እንደሆነች አልናገርም፣ «አጎቴ ንዳትና ትወዳታለህ» ብሎ። ከሰርቦ ወደዚህ ስመለስ የጅማ ዝናብ እንደምታውቁት ሳያስጠነቅቅ ወረደ፣ መስታወቱ በጉም ተሸፈነ። ጉሙን የሚያጠፋው የት ነው? ስክሪኑ ውስጥ። አንዱን ነካሁ ሌላ ሜኑ መጣ፣ እሱን ነካሁ የወንበር ማሞቂያ መጣ (ለጅማ የወንበር ማሞቂያ!)፣ ጣቴ ደግሞ እርጥብ ስለሆነ አንዴ ይሰማል አንዴ አይሰማም። ቀና ስል ፊቴ ላይ ባጃጅ ሰው ለመጫን ቆሟል። እኔ እግሬን ሳላነሳ መኪናዋ ራሷ ፍሬን ያዘች። ራሷ አዘናግታኝ ራሷ አዳነችኝ፣ ልመርቃት ወይስ ልርገማት እስካሁን አላወቅኩም።

አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ሽማግሌ አዲስ ነገር ስለማይገባው ነው» እያላችሁ ይሆናል። እሺ፣ አውሮፓ ውስጥ የመኪና ደህንነት የሚፈትነው ዩሮ ኤንካፕም ሽማግሌ ሊሆን ነዋ፣ ምክንያቱም ከ2026 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፍሬቻ፣ ሀዛርድ፣ ክላክስ፣ ዝናብ መጥረጊያና የአደጋ ጥሪ በእጅ የሚዳሰስ መቆጣጠሪያ ከሌላቸው ነጥብ እቀንሳለሁ ብሏል። ስክሪን ቁልፍን የተካው ስለሚረክስም ጭምር ነው፣ ሃያ ቁልፍ ከነሽቦው ከመዘርጋት አንድ መስታወት ለጥፎ በሶፍትዌር መጨረስ ለፋብሪካው ይቀለዋል፣ እኛ ግን ቅንጦት ነው ብለን ጨምረን እንከፍላለን።

ስለ ቸርኬም ትንሽ ልተንፍስ። ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ከቀጭን ጎማ ጋር ፎቶ ላይ ያምራል፣ አዎ። የኛ ሰፈር ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግን ጎማው ውስጥ ድንጋጤውን የሚውጥ በቂ አየር ስለሌለ ወይ ቸርኬው ይጣመማል ወይ ወገብህ ይውጠዋል። ያ የሚደበቀው የበር እጀታስ? ጭቃ ሲገባበት ምን እንደሚሆን ለናንተ አልነግራችሁም።

ኤሌክትሪክ ጠል አይደለሁም ግን። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ልጆቻችን የሚነዱት እሱን ነው፣ ጠልተን የት እንሄዳለን? ደሞ እውነቱን ለመናገር ከአበልቲ ወደ ግቤ ቁልቁል ስትወርድ እግርህን ከነዳጅ መስጫው (አሁንም ነዳጅ መስጫ ነው የምለው) ታነሳና መኪናው ራሱን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፣ ከዛ ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ወልቂጤ ዳገቱን ስትጀምር ማርሽ መቀነስ የለ፣ ሲኖትራኩን በአንድ ትንፋሽ። በቮልሷ ያንን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እየጮህን ነበር የምንወጣው፣ አባቴ ሳይቀር እየጸለየ። ያ ጉልበት ላይ መዳፌን የሚያናግር መሪና አምስት ስድስት እውነተኛ ቁልፍ ቢጨመርበት እኔ ቮልሷን ጋራዥ አስገብቼ እቆልፍባት ነበር፣ ማለቴ... እሁድ እሁድ እከፍትላት ነበር።

አሁን ወረቀቱ አልቋል። ተያይዘን እንወጣና ሁሉም የራሱ መኪና ውስጥ ይቀመጥ፣ መኪናው እንደቆመ፣ ዓይኑን ይጨፍን፣ ከዛ እኔ በተራ እጠራለሁ፦ ፍሬቻ፣ ትልቁ መብራት፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ የመስታወት ጉም ማጥፊያ። ያላገኘ ሰው የሁላችንንም ቡና ይከፍላል። የእህቴ ልጅ፣ አንተም ና፣ ቦርሳህን ይዘህ።