ስለ መድኃኒታችን ከስልክ የምናነበውን እንዴት እንመርምር?

(በድሬዳዋ ከስኳር ሕመም ጋር ለሚኖሩ ወገኖችና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ ከስኳር ሕመም ጋር የምትኖሩ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ አስታማሚ ቤተሰቦች፤

ሐኪሙ ደጅ የተሰለፈውን ሁሉ ማየት ስላለበት፣ በቀጠሯችን ቀን ሳንጠይቀው የቀረውን ነገር ማታ ቤታችን ገብተን ስልካችን ላይ እንፈልጋለን። ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ዕድሜ ልክ አብሮን የሚኖረውን ሕመም ለማወቅ መጓጓት ተገቢ ነው። እኔ ግን አጥብቄ የምለምናችሁ፣ የተናገረውን የምናጣራበትን መንገድ የማያሳየንን ሰው አምነን በመድኃኒታችን ላይ ለውጥ እንዳናደርግ ነው።

የከተማችንን ሙቀት እንውሰድ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ እንዲቀመጥ መመሪያው ያዛል፤ ቤቱ ማቀዝቀዣ የሌለው ወይም መብራት የሚጠፋበት የሳቢያን ወይም የቀፊራ ነዋሪ ታዲያ ምን ያድርግ? ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በሰሜን ኬንያ በዳዳብ የስደተኞች መጠለያ የተለካውን ሙቀት መነሻ አድርገው፣ ኢንሱሊንን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለ4 ሳምንታት አቆይተው መረመሩት። እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ የመድኃኒቱ ጉልበት ከ1 በመቶ በላይ አልቀነሰም። ጽሑፉ ሥራውን እነማን እንዳከናወኑት፣ በምን መሣሪያ እንደለኩና የትኞቹን የኢንሱሊን ዓይነቶች እንደፈተሹ ስለሚዘረዝር፣ ከ37 ዲግሪ በላይ ወይም ፀሐይ ላይ ስለዋለ መድኃኒት የሚናገረው ነገር እንደሌለም ከዚያው እንረዳለን።

አሁን ደግሞ በቴሌግራም የሚዘዋወረውን «ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል» የሽፈራው፣ የጥቁር አዝሙድና የአብሽ ድብልቅ ተመልከቱ። ማን ቀመመው? በእነማን ላይ ተሞከረ? ምን ያህል ይወሰዳል? ከዚህ ሁሉ አንዱም አልተጻፈም፤ የተጻፈው የመሸጫ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። አብሽ ስኳርን በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል፤ ከኪኒን ወይም ከመርፌ ጋር ሲደራረብ ግን ስኳራችን ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላልና ለሐኪም ሳይነገር አይወሰድ። ከሁሉ የከፋው «መርፌውን አቁሙ» የሚለው ምክር ነው። የዓይነት አንድ ስኳር ታማሚ ሰውነት ኢንሱሊን ስለማያመነጭ፣ መርፌውን ያቆመ ሰው በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ደሙ አሲድ እየሆነ ለሞት የሚያደርስ አደጋ ላይ ይወድቃል። ልጆች ያላችሁ ወላጆች ይህን አደራ አትዘንጉ።

እውነተኛ መረጃም ቢሆን በጥንቃቄ ካልተነበበ ያሳስታል። የእንግሊዝ የጤና ገጾች ከምግብ በፊት ስኳር ከ4 እስከ 7 ቢሆን ጥሩ ነው ሲሉ፣ የሚናገሩት በሚሊሞል በሊትር ነው። የአብዛኞቻችን መለኪያ የሚያሳየው ግን ሚሊግራም በዴሲሊትር ስለሆነ፣ ቁጥሩን በ18 ማባዛት ያስፈልጋል፤ ከ72 እስከ 126 ማለት ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው መለኪያው 120 ሲያሳየው ደንግጦ መርፌ ሊጨምር ይችላል።

ስለዚህ ያነበባችሁትን በስልካችሁ አስቀምጡና በቀጣዩ ቀጠሮ ከፍታችሁ ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ አሳዩ። እዚህ የተገኛችሁ ባለሙያዎችም፣ ታካሚው ስልኩን ሲዘረጋላችሁ «ማን አንብብ አለህ?» ብላችሁ አትቆጡት፤ የተቆጣችሁት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ መድኃኒቱን ሲያቆም አይነግራችሁም።

አመሰግናለሁ።