ጥቁሩ ፌስታል

እንደምን ዋላችሁ። የምትሰሙት ድምፅ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው። የጅማ ዝናብ እስኪያባራ ብጠብቅ ደግሞ ዛሬም ሳልናገር ልቀር ነው። ባለፈው ሳምንት ለምን እንደጠፋሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ ምክንያቱ ጥቁር ፌስታል ነው።

ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት። ጫት ካቆምኩ ወዲህ ይህችን የመቃሚያ ሰዓት ከእኔ ጋር ስለተሻገራችኋት ታውቋታላችሁ። ከሕርማታ ስመለስ መንገድ ዳር ስድስት ቦምቦሊኖ ገዛሁ። ሴትዮዋ በጥቁር ፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ሁለቱን ጣዕማቸውን እንኳ ሳላውቀው እየሄድኩ ጨረስኳቸው። የቀረውን ጠቀለልኩና ጃኬቴ ውስጥ፣ ግራ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት። ቦምቦሊኖ የሚደበቅ ነገር አይደለም። እጄ ግን ቦታውን ያውቀዋል።

በሩን ስከፍት እማዬ ቡና ትቆላለች። ቀና አለች።

«ምን ይዘሃል?»

«ምንም።»

ያ «ምንም» አራት ዓመት ሙሉ ጫት ደብቄ ስገባ ስላት የኖርኩት «ምንም» ነው። ድምፁ፣ ችኮላው፣ ዓይኔ ወደ ጓዳ መሸሹ ሳይቀር። ፊቷ ጠቆረ። ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችና እጇን ዘረጋች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰጠኋት። ፈታችው። ዱቄቱንና ዘይቱን ስታይ ሳቋ ቤቱን ሞላው። «እሰይ! እሰይ የእኔ ልጅ! ይህንን ነው የምትደብቀኝ? ብላ እንጂ! ገላህ ይመለስ!» አለችና አንዱን ቆርሳ አጎረሰችኝ።

ጎረስኩ። እንባዬ መጣ፤ እሷም የደስታ መሰላት።

በፌስታሉ ውስጥ የነበረው ጫት ቢሆን ኖሮ ታለቅስ ነበር። ስለሌለ መረቀችኝ። እኔ ግን ሁለቱንም የያዝኩት በአንድ እጅ ነው፤ የዋሸሁትም በአንድ ቃል።

ከዚያ ወዲህ እያነበብኩ ነው። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን፣ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው «ድገም» የሚያሰኝ ኬሚካል እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ ረሃብንም ያደበዝዛል። ስለዚህ ያቆመ ሰው ይርበዋል፤ ይህ ጤና ነው፤ ዘመድ ሁሉ «የምግብ ፍላጎቱ ተከፈተ» እያለ የሚደሰተው ያለ ምክንያት አይደለም። ስኳርና ቅባት የበዛበት ምግብም ግን ያንኑ የዶፓሚን መንገድ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2009 አሽሊ ጊርሃርት እና ባልደረቦቿ በዬል ዩኒቨርሲቲ ያወጡትን መጠይቅ አገኘሁ። የዕፅ ሱስ መለያዎችን ወስደው ስለ ምግብ ጠየቁባቸው፦ ካሰብከው በላይ ትወስዳለህ? ለማቆም ሞክረህ አቅቶሃል? እንደሚጎዳህ እያወቅህ ቀጥለሃል? እያነበብኩ ሐራራ የሚለው ቃል ብቻ ነበር የሚመጣብኝ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የሕመሞች መመሪያ ራስን ሳይቆጣጠሩ አብዝቶ መብላትን በሕመምነት መዝግቦታል፤ «የምግብ ሱስ» የሚል ስያሜ ግን የለውም። ስለዚህ እኔም ሱስ ነው ብዬ አልምልም። ምናልባት ረሃብ ብቻ ነው። ምናልባት።

ደግሞ አንድ ነገር አስታወስኩ። በርጫ ላይ፣ ተሰብስበን ስንቅም፣ መራራውን የምናጣፍጠው በምን ነበር? በለስላሳ፣ ስኳር በበዛበት ሻይ፣ በለውዝ። ስኳሩ ከመጀመሪያውም እዚያው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። የጫቱ ሎሌ ነበር፤ ጌታው ሲሄድ ቤቱን ወረሰ። ቅጠሉን በኮባ የሚጠቀልሉት እርጥበቱ እንዳይሄድ ነው፤ ሲደርቅ ካቲኖኑ ስለሚቀንስ ኃይሉ ይዳከማል። ቦምቦሊኖ ግን ነገም ቦምቦሊኖ ነው፣ ከነገ ወዲያም… ወዴት እየሄድኩ ነው? ይቅርታ።

አንድ እንዳይደሉ አውቃለሁ። ዱካክ፣ ያ የጫት የሌሊት ቅዠት፣ ለደረሰበት ሰው፣ ምርቃናው ሲወርድ ግድግዳ እያየ ላነጋ ሰው፣ ቦምቦሊኖን ከዚያ እኩል ማስቀመጥ ግፍ ነው። ጫቱን ግን ተውኩት ብዬ ከበሩ መልሼዋለሁ፤ የሚያኝኩ ጓደኞቼን መንገድ ቀይሬ አልፌአቸዋለሁ። ከማዕድ መንገድ ቀይሬ ወዴት እሄዳለሁ? ማዕዱ ላይ ደግሞ የተቀመጠችው እማዬ ናት። የእሷን ጉርሻ እንዴት እመልሳለሁ? በእሷ ዘንድ የከሳ ልጅ የታመመ ልጅ ነው፤ እኔ ከስቼ ስታየኝ የኖረችው ደግሞ በዚያ ምክንያት ነበር። ልክ ናት እኮ። ልነግራት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። «እማ፣ ይህም እኮ…» እላለሁ፤ ደስታዋን አያለሁ፤ አፌን እዘጋለሁ። እውነቱን ስደብቃት ደግሞ ያው የድሮው…

ቆይ፣ እየጠራችኝ ነው። አቤት እማዬ!

በረካው ደርሷል። ዘይት ሲንጣጣ ይሰማችኋል? ከማክሰኞ ወዲህ እቤት መሥራት ጀምራለች። ለእኔ ብላ። ጎረቤት ሄዳ ተምራ…

መጣሁ እማ፣ መጣሁ።