የድሬ አፈር አመድ አይፈልግም

በድሬዳዋ ለጓሮ አትክልት ጀማሪዎች የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ?

በዚህ ሙቀት፣ ያውም ከምሳ በኋላ፣ ስለ አፈር ለመስማት መምጣታችሁ ራሱ ምስጋና ይገባዋል። በዚህ ሰዓት ግማሹ ድሬ በርጫ ላይ ነው። ብዙ አላስቆያችሁም።

አብዛኞቻችሁ ግቢያችሁ ውስጥ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ቆስጣ ጀምራችኋል። ጥያቄያችሁም ተመሳሳይ ነው፤ “ምን ላድርግለት?” ለተክሉ ምንም አታድርጉለት። አፈሩን አብሉት፣ ተክሉን እሱ ያበላዋል። ይሄን ሌላ ቦታም ሰምታችሁት ይሆናል። ችግሩ ለሌላ አገር የተጻፈው የአፈር አሠራር ድሬ ሲደርስ ግማሹ መገልበጥ አለበት። የመጣሁትም ለዚያ ነው።

በአንድ የሻይ ማንኪያ ጥሩ አፈር ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ ይኖራል። ፈንገሱ፣ በዓይን የማይታየው ትል፣ የሚታየውም የመሬት ትል አለ። ተክሉ በፀሐይ ከሚሠራው ስኳር ከፊሉን በሥሩ በኩል ያፈስላቸዋል። ፈንገሱ በበኩሉ ሥሩ ከማይደርስበት ቦታ ፎስፈረስና ዚንክ ያመጣለታል። አብዛኛው የምድር ተክል የሚኖረው እንዲህ እየተረዳዳ ነው። ጎመንና ቆስጣ ግን የሉበትም፤ ከፈንገስ ጋር ጉዳይ የላቸውም። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ፓፓያ አሉበት።

የፋብሪካ ማዳበሪያ ጠላቴ አይደለም። ሰፊ እርሻ ላይ ያለው ገበሬ የራሱ ስሌት አለው። ጀሪካን ውስጥ ላለ አንድ የቃሪያ እግር ግን እፍኝ ሙሉ መበተን ሥሩን ያቃጥለዋል። ፎስፈረስ ሲትረፈረፍ ደግሞ ተክሉ ፈንገሱን መቀለብ ይተዋል። የድካማችሁ ግማሽ እዚያ ላይ ገደል ገባ ማለት ነው።

አሁን ወደ ግልባጩ እንምጣ። ኢንተርኔት ላይ ስለ ሕያው አፈር ብትፈልጉ በጣም ዝርዝር አሠራር የምታገኙት ካናቢስ አብቃዮች ዘንድ ነው። ሕጉ በሚፈቅድላቸው የአሜሪካና የካናዳ ግዛቶች ሰዎች ቤታቸው ውስጥ በትልቅ ማሰሮ ያበቅሉታል። አፈሩንም ሳይደፉ ደጋግመው ይዘሩበታል። እኛ አገር ማብቀሉ ወንጀል ነው፤ አቦ፣ ማንም እንዳይሞክራት! የአፈሩን ሥራ ግን ቲማቲምም አይጠላውም። በሰፊው የሚጠቀሙበት ድብልቅ አንድ ሦስተኛው ብስባሽ፣ አንድ ሦስተኛው አየር የሚያስገባ ቀላል ድንጋይ፣ አንድ ሦስተኛው ደግሞ ከረግረግ የሚወጣ ፒት የሚሉት ነገር ነው። ፒት አሲድ ነው። ስለዚህ ኖራ ወይም የተፈጨ የባሕር ዛጎል ይጨምሩበታል።

ወለጋና ጎጃም ያለው ገበሬም ኖራ ይበትናል፤ አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ። ደገኛው ጓሮው ላይ አመድ ሲደፋም ልክ ነው፤ አመድም እንደ ኖራ አሲዱን ይሰብራል። እኛ ጋ ግን? ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩት። ያ በማንኪያ የምትፍቁት ነጭ ቅርፊት ኖራ ነው። ውኃችን የሚመጣው በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ነው። ውኃ ባጠጣችሁ ቁጥር ሳታውቁት ኖራ እየጨመራችሁ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ የከሰል አመድ ስትደፉበት አፈሩ ብረቱንና ዚንኩን ይዞ አልለቅም ይላል። ምልክቱን ታውቁታላችሁ። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ሰው “ማዳበሪያ አንሶት ነው” ብሎ ይጨምርለታል። ብረቱ እኮ እዚያው አለ፣ ታስሮ ነው።

ያላመነኝ አቼቶ ይግዛ። ከግቢው አንድ ማንኪያ ደረቅ አፈር ስኒ ውስጥ አድርጎ ጥቂት ያንጠባጥብበት። ጠጋ ብላችሁ ስሙት። ሽሽ ብሎ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። ከደቻቱ ወንዝ የመጣ አሸዋም ከሆነ እንደዚያው ሞክሩት። ጀሪካን ውስጥ ከመጨመራችሁ በፊት፣ አረፋው በርትቶ የሚወጣበትን ትታችሁ ቀዝቀዝ ያለውን ምረጡ።

ስለዚህ ለድሬ አመድ የለም፣ ኖራ የለም፣ የእንቁላል ቅርፊትም አትድከሙ። የሚያስፈልገው ብስባሽ ነው፣ ብዙ ብስባሽ። ሲበሰብስ የሚወጣው ለስላሳ አሲድ የታሰረውን ብረት ይፈታል። በሐምሌና ነሐሴ ከቆርቆሮው የሚወርደውን የዝናብ ውኃ በርሜል ውስጥ የሚያጠራቅም ሰው ደግሞ ከሁላችንም ይበልጣል። የዝናብ ውኃ ኖራ የለውም።

ብስባሹን ከምን እንሥራ? ከተማችን በዚህ በኩል ሀብታም ናት። የኒም ቅጠል በየማለዳው ተጠርጎ ይከመርና እሳት ይለቀቅበታል። ይሄ ነገር ያናድደኛል፣ ልደብቃችሁ አልችልም። ጭሱን ለጎረቤት፣ አመዱን ለአፈር። ሁለቱም አይጠቅሙም። ያን ቅጠል በከረጢት ሰብስቡት። የፍየል በጠጥ አለ። ደርቆ ሲመጣ እንደ ጠጠር ነው፣ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድራችሁ ፍርጥ አድርጉት። የፓፓያና የማንጎ ልጣጭ፣ የአትክልት ትርፍራፊ፣ የቡና አተላም ይገባል። አተላው ግን ከሌላው ጋር ተደባልቆ እንጂ ለብቻው ወፍሮ አይነጠፍ፣ ይጋገርና ውኃ አላሳልፍ ይላል።

ገረባስ፣ የጫቱ ትርፍ? የምትጠብቁት እሱን እንደሆነ አውቃለሁ። ከየቤቱ በየቀኑ የሚወጣው ገረባ ተራራ ያክላል፤ ፍየሎቹ ባይኖሩ የት እንገባ ነበር? ቅጠሉ ቶሎ ይበሰብሳል፣ እንጨቱ ይቆያል። ግን ጫት ላይ ኬሚካል እንደሚረጭ ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዱ በክምሩ ሙቀት ይሰባበራል። ዲዲቲን የመሰለው ግን ዓመታት ይቆያል። እኔ ብሆን ገረባን ለጥላ ዛፍ እግር አደርገዋለሁ እንጂ ለምበላው ሰላጣና ቆስጣ አልጨምረውም። የተረጨ አለመሆኑን ከምታውቁት ሰው ማሳ ከመጣ ሌላ ነገር ነው።

ክምሩን ጥላ ሥር ሥሩት። ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል፣ አንድ እጅ እርጥብና በጠጥ፣ በየንብርብሩ ውኃ። ቁመቱም ስፋቱም አንድ ሜትር ያህል ይሁን፣ ካነሰ አይሞቅም። ደገኛው ዝናብ እንዳይገባበት ይሸፍናል። እኛ የምንሸፍነው እንዳይደርቅብን ነው። እዚህ ክምር የሚሞተው በጥማት ነው። ከመሀሉ አንድ ጭብጥ አውጡና ጨምቁት። በጣቶቻችሁ መሀል አንድ ሁለት ጠብታ ብቅ ካለ ልክ ነው። ከወረደ በዝቷል፤ ደረቅ ቅጠል ጨምሩ። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ውኃ ይጠጣ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ብረት ወደ መሀሉ ስደዱና ጥቂት ቆይታችሁ ንኩት። መያዝ ካቃታችሁ ሥራ ላይ ነው። ከ55 ዲግሪ በላይ ለተወሰኑ ቀናት ከቆየ የአረም ዘሩንም በሽታውንም ይገድላል። ሲቀዘቅዝ ገልብጡት። ጠቁሮ፣ ተፈርፍሮ፣ ዝናብ የነካው መሬት መሽተት ሲጀምር ደርሷል።

“ይሄ የፈረንጅ ፋሽን ነው” የሚል ሰው አይጠፋም። የዕፅዋት ሳይንቲስቱ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1996 ትግራይ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር የብስባሽ ሥራ ጀምረው ነበር። ብስባሽ ያገኘው ማሳ ከፋብሪካ ማዳበሪያው ጋር የሚተካከል፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት ሰጥቷል። ያውም ከእኛ ጓሮ ባልተሻለ ደረቅ መሬት ላይ።

ድብልቁ ቀላል ነው። አንድ እጅ የግቢ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ። ጀሪካን ከሆነ ከታች ብሱት። ከተቻለ ግን ከ20 ሊትር የሚበልጥ ዕቃ ፈልጉ። ትንሽ ዕቃ በድሬ ፀሐይ ከረፋድ በፊት ይደርቃል፣ ሕይወቱም አብሮ ይሄዳል። ጥቁር ፕላስቲክና ቆርቆሮ ሥሩን ይቀቅሉታል፤ ጆንያ ጠቅልሉባቸው፣ የከሰዓቱን ፀሐይ ግድግዳ እንዲከልልላቸው አድርጉ። አፈሩን ራቁቱን አትተዉት። አራት ጣት ውፍረት ያለው የደረቀ ቅጠል ጉዝጓዝ ከላይ ይልበስ። ሰው ይሄን ይንቃል፣ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። ከላይ ነጭ ጨው ሲያወጣ ካያችሁ ደግሞ አንድ ጊዜ በደንብ አጠጡና በታች በኩል ይታጠብ።

ተክሉ ሲጨርስ አትንቀሉት። ግንዱን ከአፈሩ ልክ ቁረጡና ሥሩን እዚያው ተዉት፤ ይበሰብሳል፣ የአየርና የውኃ መንገድ ይሆናል። በላዩ ማሾ ዝሩ። ሙቀቱን ይችላል፣ ሥሩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎችም ናይትሮጅን ከአየር ይይዛሉ። ከዚያ ትንሽ ብስባሽ ከላይ ጨምሮ ወደ ቲማቲም መመለስ ነው። አፈሩን አትድፉት፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ ከመጀመሪያው ይሻላል።

ከአዳራሹ ጀርባ ጥላው ሥር ሁለት ክምር አለ። አንዱ አሁን እየሞቀ ነው፣ አንዱ ደርሷል። አቼቶም ይዤያለሁ። ከግቢያችሁ አፈር በፌስታል ያመጣችሁ አላችሁ አይደል? እሱን ይዛችሁ ኑ፣ ጥያቄውን እዚያው እያየን እናውራው።