ፊልተሩ አቧራን ከንቅሳት አይለይም

አብሽሩ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና አዛውንቱ ኮምፒውተሬ ብቻ ነን። ስለ ፎቶሾፕ፣ ፎቶ ስለማድስበት ፕሮግራም፣ ፊልተር ፍጥነት እነግራችኋለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። እነግራችኋለሁም። ልቤ ግን እንዳድሰው በተሰጠኝ የአንድ ወንድምና እኅት እናት የድሮ ፎቶ ላይ ስለቀረ ሁለቱ ቢደባለቁብኝ ታገሡኝ።

አዛውንቱ መቼም ትልቅ ፊልተር ሲሰጠው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን የሐረጎን ዳገት እንደሚወጣ የተጫነ መኪና ነው፤ እያቃሰተ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እኔም ቡና አፈላለሁ። ስለዚህ ጭነቱን መቀነስ ነው ዘዴው። ፎቶዋ 9 በ12 ሳንቲ ሜትር ናት። በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) ስካን ሳደርጋት 24 ሚሊዮን ፒክስል ገደማ ሆነች። በቀለም ከሆነ ሦስት ቻናል (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ንብርብር)፣ 72 ሜጋባይት ነው፤ ወደ ግራጫ ሲለወጥ ግን 24 ብቻ። ፊልተሩ በየቻናሉ ስለሚያልፍ ሥራው ወደ ሲሶ ይወርዳል።

ጥቁርና ነጭ ናት ብላችሁ ግን ከመጀመሪያው በግራጫ ስካን እንዳታደርጉ! ይህን ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ። የደሴ እርጥበት ያቀለመው ቢጫ እድፍ በሰማያዊው ቻናል ላይ ጠቁሮ ይታያል፤ በቀዩ ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል። ቀዩን ይዛችሁ ሁለቱን ጣሉ፤ እድፉ ያለ ምንም ፊልተር ይሄዳል። ፊልተር የማያስፈልግበትን ቦታ ማወቅ ከሁሉ ይፈጥናል። ይህን ለደንበኛ ሳሳይ አፉን ይከፍታል፤ እኔም በደስታ እኮራለሁ፤ ምን ላድርግ።

የቀረው አቧራውና ጭረቱ ነበር። ለእሱ ደስት ኤንድ ስክራችስ የሚባል አቧራና ጭረት ማጥፊያ ፊልተር አለ። ራዲየሱ ምን ያህል ርቆ እንደሚያይ ይወስናል፤ ትሬሾልዱ ደግሞ አንድ ፒክስል ከጎረቤቶቹ ምን ያህል ቢለይ እንደሚነካው። ራዲየሱን እስከቻላችሁ ዝቅ፣ ትሬሾልዱን እስከቻላችሁ ከፍ አድርጉ። ደግሞ ሙሉውን ፎቶ ከመስጠታችሁ በፊት ትንሽ ቦታ መርጣችሁ ሞክሩ። እኔ የመረጥሁት አንገቷን ነው፤ ምክንያቱም ወንድምየው ከኮምቦልቻ ደውሎ ያዘዘኝ እሱን ነው። «ንቅሳቱን አጥፋልኝ» ነበር ያለኝ።

አንገቷ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ የድሮ ሴቶቻችን ንቅሳት። ለፊልተሩ ከጎረቤቱ የተለየ ቀጭን ነገር ሁሉ አንድ ነው፤ ጭረት ይሁን ንቅሳት አያውቅም። ራዲየሱን ትንሽ ከፍ ሳደርገው አብረው ሄዱ። ቆዳዋ የልጅ ቆዳ መሰለ። የታዘዝሁትን ሠራሁ፤ ሥራውም ንጹሕ ነበር።

እኅትየዋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ፒያሳ ዕቃ ልትገዛ መጥታ «እስቲ ደርሶ እንደሆነ ልየው» ብላ ገባች። አጠገቤ ወንበር ስቤ አስቀመጥኋት። ሌየሩን (የፎቶውን ንብርብር) ዋናውን ሳይነካ ፊልተር ወደሚይዘው ስማርት ኦብጀክት ቀይሬ ስለነበር ፊልተሩ ከማብሪያና ማጥፊያው የዓይን ምልክት ጋር ከሥሩ ተቀምጧል። አብርቼ አሳየኋት። ዝም አለች።

«በፊት እንዴት ነበረች?»

የዓይን ምልክቷን ተጫንሁ፤ መስመሮቹ ተመለሱ። እንደገና ተጫንሁ፤ ጠፉ።

«ቆይ እስቲ፣ መልሳት።»

መለስሁ። ጣቷን ወደ ስክሪኑ ዘርግታ መስመሮቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። «ልጅ ሆነን እኔና እሱ በየተራ እንቆጥራቸው ነበር» አለችኝ። እሱ ማለት ወንድሟ ነው። ያ ማጥፋት የፈለገው።

ከዚያ «ሁለቱም እዚህ ውስጥ አሉ?» አለች። «አሉ እትዬ፣ ምንም አልጠፋም» አልሁ። በኩራት ነው የተናገርሁት፤ ለዓመታት ስሰብክላችሁ የኖርሁት ይኸው አይደል? ፎቶሾፕ በ1990 ከወጣ በኋላ ስማርት ፊልተር፣ ማለት ይህ የሚበራና የሚጠፋ ፊልተር፣ እስኪመጣ 2007 ሆነ፤ እስከዚያ ዋናውን ላለማጣት ቅጂ ማስቀመጥ ነበረብን። ነፃው የፎቶ ፕሮግራም ጂምፕ እንኳ በ3.0 ላይ፣ በ2025፣ ዋናውን ሳያጠፉ ፊልተር መያዝን አመጣ። ስለዚህ እፎይ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ግድግዳ ላይ የምትሰቀለው ግን አንዷ ናት» አለች።

ይህች ንግግር ናት ያልለቀቀችኝ። እኔ ፍጥነት የምለው ውሳኔን ማዘግየት ሆኖ ይሆን? አልቆረጥሁም ማለት አልጨረስሁም ማለት ከሆነ… አይ፣ ይህም የተጋነነ ነው። ፊልተሩን አጣብቄው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ልትቆጥረው የምትችለው መስመር አይኖርም ነበር። በሌላ በኩል ምርጫውን ባላሳያት ኖሮ ከወንድሟ ጋር… እንጃ።

ወንድምየውንም ክፉ አታድርጉብኝ። ደውዬ ጠይቄዋለሁ። «እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ አንገቷን ሳትሸፍን ከደጅ አትወጣም ነበር፤ እኔ ግድግዳ ላይ ልግለጣት?» አለኝ። ምን ትሉታላችሁ? እኔ መልስ አላገኘሁለትም።

በማስክ፣ ፊልተሩ የት እንደሚሠራ በሚወስነው መሸፈኛ፣ መሃል ላይ ላስታርቃቸው ሞከርሁ፤ ገሚሱ እንዲታይ፣ ገሚሱ እንዲደበዝዝ። ማስኩ ላይ ጥቁር ስትቀቡ ፊልተሩ እዚያ አይሠራም፤ ግራጫ ብትቀቡ በከፊል ይሠራል። ችግሩ አንድ ስማርት ኦብጀክት ያለው ማስክ አንድ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያሉት ፊልተሮች ሁሉ ይጋሩታል። አንገቷን ከአቧራ ማጥፊያው ስሸሽግ ፎቶውን ጥርት የሚያደርገው ፊልተርም አብሮ ተሸሸገ፤ አንገቷ ከፊቷ ይልቅ ደበዘዘ። መፍትሔው አንደኛውን ፊልተር ይዞ ስማርት ኦብጀክቱን በሌላ ስማርት ኦብጀክት ውስጥ መክተት ነው። አዛውንቱ ይህን ሲሰማ አቃሰተ። በመሃል ፐርጅ በሚባለው ትእዛዝ የኮምፒውተሩን የሥራ ማኅደረ ትውስታ (ራሙን) ላራግፍለት አልሁ፤ ግን ፐርጅ ወደ ኋላ የምመለስበትን የሥራ ታሪክም ስለሚጠርግ እጄ ፈራ። ሌላ ጊዜ ሳላስብ ነበር የምጫነው። ለማንኛውም ገሚሱ የታየው ንቅሳት አስቀያሚ ሆነ፤ የእሱም የእሷም አይደለም። ተውሁት።

አንድ ወዳጄ «ፋይሉን በፍላሽ ስጣቸውና ተገላገል» አለኝ፤ ቤታቸው ፎቶሾፕ ያለ ይመስል። ቅድሚያ የከፈለው እሱ ነው፤ ትዕዛዙም የእሱ ነው። እሷ ስትወጣ ግን «ሁለተኛዋን ብታትማት ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ዋጋውን ነገርኋት፤ አትም አላለችኝም፤ አታትምም አላለችኝም። ወረቀቱን ገዝቻለሁ። የማያንጸባርቀውን፣ ማቱን። ሁለቱንም ላትም ይሆን? የሁለተኛዋን ሂሳብ ከማን ልቀበል? ወይስ ሳልናገር አትሜ… እንግዲህ እሱ እሑድ ሐረጎን ወጥቶ ይመጣል፤ እስከዚያ…